እናትሽን ብቻሽን ለምታስታምሚው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ የማህፀን በር ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የሚሰጡት ሕክምና እንደሌለ ነግረዋችሁ ቤት ከገቡ ቆይተዋል። አንቺ ሥራሽን ትተሽ አጠገባቸው ነሽ። ወንድሞችሽ ከውጭ ብር ይልካሉ፣ ይደውላሉ፣ «በላች ወይ?» ብለው ይዘጋሉ። በሽታው ባመጣው ሽታ የተነሳ እናትሽ ሰው እንዲገባ አይፈልጉም፤ ጎረቤቱም ቀስ በቀስ ቀርቷል። «አንዳንዴ ባረፈች እላለሁ፤ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? ይሄ ሁሉ ስቃይስ ለምንድን ነው? እናንተ እንዴት ቻላችሁት?» ነው ያልሽው።

«ባረፈች» ካልሽው ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለኛል። እናቶቻችን አልጋ የያዘ ሰው ሊጠይቁ ሲገቡ ምን ብለው እንደሚለምኑ ታውቂያለሽ። «ወይ ማራት፣ ወይ አሳርፋት» ይላሉ፤ ጮክ ብለው፣ ታማሚዋ እየሰማች። ቤቱም «አሜን» ይላል። አንቺ በልብሽ ደብቀሽ የምትይውን አገር በአደባባይ ይጸልየዋል። ስቃያቸው ቢያበቃ ብሎ የሚመኘው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ የሰማ ሰው ነው። በወር አንዴ ብቅ ብሎ ለሚመለስ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ አይመጣበትም። ስለዚህ ራስሽን አትክሰሽ።

እኔ ያስታመምኩት ባለቤቴን ነው። አስተማሪ ነበር፣ የአርሲ ልጅ፤ የምንኖረው ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የያዘው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው፤ በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታይ በሽታ። በመጀመሪያ እንጀራ አልወርድ አለው፤ በውሃ እየገፋ ይውጥ ነበር። ከዚያ ገንፎው እምቢ አለ፣ ቆይቶም አጥሚቱ። እኛ ደግሞ ፍቅራችንን የምናሳየው በማብላት ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያልን ነው የምናጎርሰው። እሱ መብላት ሲያቅተው እኔም እጄ ባዶ የቀረ መሰለኝ። ዘመዱ ሁሉ ደግሞ «አብይው እንጂ፣ ካልበላ እንዴት ይድናል?» ይለኛል፤ በየጥሪው፣ በየጥየቃው። ወንድሞችሽ «በላች ወይ?» ሲሉሽ የሚሰማሽን በደንብ አውቀዋለሁ።

ቤት ድረስ እየመጣች ታየው የነበረች ነርስ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሕመሙ ሲገፋ ሰውነት ራሱ ምግብ መጠየቅ ያቆማል። ምግቡ ስለቀረ አይደለም የሚደክሙት፤ ድካሙም የምግብ ፍላጎት ማጣቱም የሚመጡት ከዚያው ከበሽታው ነው። በግድ የገባ ምግብ ያስመልሳል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ እሱ ሲፈልግ ብቻ ሁለት ሦስት ማንኪያ እሰጠው ጀመር። ሲያቅተው አፉን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ አርሳለሁ፣ ከንፈሩን ቫዝሊን እቀባለሁ። ያው ማጉረስ ነበር ለእኔ። ወንድሞችሽንም ይህን ንገሪያቸው፤ ከቻልሽ ሐኪሙ ወይም ነርሷ በስልክ ትንገራቸው፣ ከባለሙያ ሲሰሙት ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለቤቴ ያረፈ ዕለት ማንንም ሳልጠራ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያድር፣ ማን እንግዳ እንደሚቀበል ሁሉም ያውቃል። ለለቅሶ ሥርዓት አለን፣ ያውም ድንቅ ሥርዓት። ለሕመም ግን ያለን ጥየቃ ብቻ ነው፤ ብርቱካን ይዞ መምጣት፣ «እግዜር ይማርልሽ» ማለት፣ ትንሽ ተቀምጦ መሄድ። ቡናውን የምታፈላው እንኳ ሌሊቱን ስትቀመጥ ያደረችው አስታማሚ ናት። ጥየቃ ትልቅ ነገር ነው፤ «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ተብሎ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተጻፈ፣ በእስልምናም በሐዲስ የታዘዘ። ሕመሙ ሲረዝም ግን ሰዉ ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል፤ ስለጠፋው ያፍራል፤ ስላፈረ ይቀራል። ጎረቤቶችሽ ክፉ ስለሆኑ የቀሩ አይመስለኝም።

ስለዚህ ሥርዓቱን አንቺ አብጂው። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» ለሚልሽ ሰው «ምንም፣ ብቻ ጸልዩልን» ብለሽ አትሸኚው። በስሙ የሚጠራ ሥራ ስጪው። እኔ ለባለቤቴ እህት ሁለት ሌሊት ሰጠኋት፤ የእሷ ናቸው፣ በእነዚያ ሌሊቶች ሌላ ክፍል ገብቼ በር ዘግቼ እተኛለሁ። የሥራ ባልደረባው በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ ጺሙን ይላጨው ነበር። ድሮ ያስተማራቸው ልጆች በየተራ መጥተው ጋዜጣ ያነቡለታል፤ ሲሳሳቱ ያርማቸዋል፣ በዚያ ሰዓት አስተማሪ እንጂ በሽተኛ አልነበረም። የእድራችን ደንብ ሰው ሲሞት እንጂ ሲታመም አይከፍልም። እኔም ሴቶቹን ሰብስቤ «ገንዘብ አልጠየቅኩም፤ አንሶላ የሚያጥብልኝና ገበያ የሚወጣልኝ ሰው ነው የምፈልገው» አልኳቸው። አንዲት አዛውንት «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ ምነው እስካሁን ዝም አልሽ ልጄ?» ብለው በማግስቱ ዘፍዝፈው አጠቡልኝ። አሁን አሁን አንዳንድ እድሮች ለታመመ አባል የሚሰጡት ነገር አላቸው፤ የእናንተን ደንብ ጠይቂ።

ወንድሞችሽንም በብር ብቻ አትልቀቂያቸው። ለአንዱ ቋሚ ሰዓት ስጪው፤ በዚያ ሰዓት ከአንቺ ጋር ሳይሆን ከእናቱ ጋር ያውራ፤ ስለ ምግብም አይጠይቅ። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ ሰፈሩ ሰው ይጠይቃቸው። ለሌላው ደግሞ መድኃኒት የመግዛቱን፣ ከሐኪም ጋር በስልክ የመነጋገሩን ሥራ ስጪው። ርቆ የሚኖር ሰው ጸጸቱን በጥያቄ ነው የሚያወጣው፤ ሥራ ሲያገኝ ይረጋጋል።

ስለ ሕመሙ ስቃይ ትንሽ ልበል፤ እዚህ ላይ ዝም የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። እናትሽ እያቃሰቱ ማደር የለባቸውም። የሚጠጣ ሞርፊን አለ፣ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ሐኪም የሚያዘው። ሰው በሁለት ነገር ይፈራዋል፤ «ሱስ ያስይዛል» ይላል፣ «ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀ» ይላል። በካንሰር ሕመም ላይ ላለ ሰው በሐኪም ልክ ሲሰጥ ዋና ሥራው እንዲያርፍ፣ እንዲተኛ፣ እንዲያወራ ማድረግ ነው። ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚሰጠው፣ ብዙ ጊዜ በየአራት ሰዓቱ፤ ሕመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቂ። ባለቤቴ ሕመሙ ሲታገሥለት ነው ዓይኑን ገልጦ ያየኝ፣ ዕዳውን የነገረኝ፣ ከተቀያየመው ወንድሙ ጋር ይቅር የተባባለው። ያ ሁሉ በስቃይ ውስጥ አይሆንም ነበር።

ሽታውንም ለሐኪሙ ግለጪለት፤ አትፈሪ። በዚህ በሽታ የሚመጣ የታወቀ ነገር ነው። ከቁስሉ የሚመጣ ነው፣ የሚቀንሰው መድኃኒትም አለ፤ ታዞላቸው ሲጀምሩ ብዙ ይለወጣል። እናትሽ ሰው እንዳይገባ ያሉት ስለሚያፍሩ ከሆነ ደግሞ ሽታው ሲቀንስ በሩም ይከፈታል። አልጋ ላይ ከዋሉ ጎናቸውን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ አገላብጫቸው፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል። ይህንን ብቻሽን አትችይውም፣ ወገብሽን ይጎዳል፤ አንሶላ ከሥራቸው አንጥፎ በሁለት ሰው መሳብ ነው የሚሻለው። ነርሷ አንድ ቀን ታሳይሽ።

ይህ እርዳታ የት ይገኛል ትይኝ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት ነርሶቹን ቤት ድረስ እየላከ እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ይረዳል። እናትሽ የታከሙበት ሆስፒታል «የማስታገሻ ሕክምና» የሚል ክፍል እንዳለው ጠይቂ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም አለ፤ በደም ካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ነው። ሐኪም «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» ሲል ስለ ማዳኑ ነው የሚናገረው፤ ማስታገሱ፣ ማጠቡ፣ ማጽናናቱ ያን ጊዜ ነው የሚጀመረው። ይህን ሐሳብ በዘመናችን ያስፋፋችው ሲስሊ ሶንደርስ የተባለች እንግሊዛዊት ናት። በመጀመሪያ ነርስ፣ ከዚያ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆና እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተባለውን የማስታገሻ ሕክምና ቤት ከፈተች። የሰው ስቃይ የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የልብም፣ የቤተሰብም፣ የነፍስም ነው፤ አንዱ ብቻ ቢታከም ታማሚው አያርፍም ትል ነበር። ነርሷ ስትነግረኝ ገረመኝ፤ የሞርፊኑን ሰዓት ከነገረችኝ በኋላ «የነፍስ አባቱ መጥተዋል?» ብላ የጠየቀችኝ ለካ ለዚህ ነበር።

የነፍስ አባት ነገር ከተነሳ። ባለቤቴ ውሃ እንኳ በጭንቅ እየወረደለት ሁዳዴን ልጹም አለ። እኔ ብለምነው እምቢ አለ። የነፍስ አባቱ መጥተው ጾሙን ፈቱለት፣ ለታመመ ሰው እንደተፈቀደ አስረድተው፣ የቅዱስ ቀንዲሉንም ጸሎት አደረሱለት። በጸበልና በመድኃኒት መካከል ደግሞ ቤተሰብ ሲጨቃጨቅብሽ፣ በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸውን አስታውሻቸው። አንዱን ለማመን ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

«ለምንድን ነው?» ላልሽው፣ እኔ መልስ አላገኘሁለትም። «ፈተና ነው»፣ «ሲወድሽ ነው» የሚሉኝን ሰዎች ከልባቸው ስለሆነ አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን አላሳረፈኝም። ያሳረፈኝ ሌላ ነው። እግሩ አብጦ ነበርና ማታ ማታ በለብታ ውሃ አጥበው ነበር። ኩሩ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አንድ ማታ እሱው አስታውሶ «ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?» አለኝና ፊቱን መለሰ። ከዚያ ወዲያ እግሩን ሲሰጠኝ አፍሮ አያውቅም፣ እኔም «ለምን» የሚለው ጥያቄ እየራቀኝ ሄደ። ሕመሙ ለምን እንደመጣ አላወቅኩም፤ እኔ በዚያች ሰዓት እዚያ መኖሬ ለምን እንደሆነ ግን አወቅኩ። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ተያይተን አናውቅም። ላንቺ በሌላ መንገድ ይመጣ ይሆናል፣ ጸጉራቸውን ስትሠሪ፣ ወይም አብራችሁ ዝም ስትሉ። ላይመጣም ይችላል፤ ባይመጣም የምትሠሪው ሥራ ዋጋ አለው።

እናትሽ እውነቱን ያውቃሉ? አልጻፍሽም። ብዙ ቤት የሕመሙ ስም ይደበቃል፤ ታማሚው ግን ከሰዉ ፊት ያነበዋል፣ ከዚያ እሱም ለእኛ ብሎ ይደብቃል፣ ሁሉም ብቻውን ይቀራል። በግድ አትንገሪያቸው። «ምን አሉሽ ሐኪሞቹ?» ብለው ከጠየቁሽ ግን አትዋሺያቸው። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸውና በዚያው ልክ መልሺ።

ስለራስሽ ደግሞ፤ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ከቤት ውጪ። ቅዳሴም ይሁን ገበያ፣ ወይ ጓደኛሽ ቤት ሄደሽ ተኚ። ልብሽ ሲመታ፣ ዕንባሽ አልቆም ሲል፣ መኖር ራሱ ሲያስጠላሽ ደግሞ አንቺም ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ለአስታማሚም ሕክምና አለው።

ሁሉንም በአንዴ አትጀምሪ። የመጀመሪያውን ሰው እናትሽ ይምረጡት፤ «ከሰፈሩ ሰው አንዲት ብቻ ብትገባ ማን ትሁን?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ማንን እንዳሉ እዚህ ጻፊልን። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ብዙ ጊዜ ነቅቼ ነው የማመሸው።