ፒኤልሲው ሞቷል ወይስ ተርቧል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ አነስተኛ የዱቄት ፋብሪካ አለን። የማሸጊያ ማሽናችን ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ሲመንስ ኤስ7-1200 ነው። ትልቁ ሞተር ሲነሳ ፒኤልሲው አንዳንዴ ጥፍት ይልና ራሱ ተመልሶ ይነሳል። የጀመረው አራት የአየር ቫልቭ ከጨመርን በኋላ ነው። ኤሌክትሪሻናችን 24 ቮልቱን ለክቶ «ደህና ነው፣ የሞተው ፒኤልሲው ነው» አለን። አዲስ እንግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ ብርህን ያዝ። ለመሆኑ 24 ቮልቱ የተለካው መቼ ነው? ማሽኑ ቆሞ ከሆነማ የማንም ፓወር ሰፕላይ (24 ቮልቱን የሚሰጠው ሳጥን) ደህና ነው። ጉዱ የሚታየው ሞተሩ ሲነሳ ነው። መልቲሜትራችሁ ዝቅተኛውን ቮልት የሚይዝ «ሚን» የሚል ቁልፍ ካለው እሱን ተጠቀሙ። መጀመሪያ ዋናውን ማብሪያ አጥፉና ቆልፉት። የመልቲሜትሩን ገመዶች ፒኤልሲው ተርሚናል ላይ በቆንጣጭ አስይዙ፣ ከዚያ እጃችሁን አውጥታችሁ፣ ማብሪያውን መልሳችሁ ሞተሩን አስነሱ። ያንተ ፒኤልሲ የሚፈልገው ከ20.4 እስከ 28.8 ቮልት ነው። ንባቡ ከዚያ ከወረደ ፒኤልሲው አልሞተም፣ ተርቧል።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ በዚሁ ጉዳይ ፒኤልሲ አስቀይሬያለሁ። አዲሱም እንደ አሮጌው ይጠፋ ጀመር። ባለቤቱ አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ፣ እሱ ይብሳል። ጥፋተኛው የ0 ቮልቱን (የማይነሱን) ሽቦ የሚያስረው ብሎን ሆኖ ተገኘ፤ ላልቷል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ዞረ።

እናንተ ጋ ግን እኔ የምጠረጥረው ቫልቮቹን ነው። የሁሉንም አምፔር ከላያቸው ላይ አንብበህ ደምር። ፓወር ሰፕላዩ 2.5 አምፔር ሆኖ ጭነቱ 3 ከደረሰ፣ ሞተሩ ሲነሳ 220ው ዝቅ ባለ ቁጥር መቋቋም ያቅተዋል። ለቫልቮቹ የራሳቸውን ፓወር ሰፕላይ ግዛ፤ ከፒኤልሲ በብዙ ይረክሳል። ቫልቭ ደግሞ ሲጠፋ ይራገጣል፤ ኮይሉ (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) ከፍ ያለ ቮልት ወደ ሽቦው ይረጫል። የቫልቩ ሶኬት ውስጥ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አብሮ ከሌለ በየኮይሉ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ ይታሰር። ብርማ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ፕላስ ነው። ከተገለበጠ ሾርት ነው የምታደርጉት።

ፓኔሉ ውስጥ የገባውን ዱቄት አደራ በኮምፕረሰር አትንፉት። አየር ላይ የተበተነ ዱቄት በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። በቫኪዩም ምጠጡት፣ መብራቱን አጥፍታችሁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን «ራሱ ተመልሶ ይነሳል» ያልከው ነው። ማሽኑም አብሮ ይነሳል? ያኔ የሰው ጣት ከረጢት መዝጊያው መሃል ቢሆንስ? ፒኤልሲው ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ሰው «ጀምር» እስኪለው ቆሞ መጠበቅ አለበት። ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍም ለፒኤልሲው የሚያወራ ብቻ አይሁን፤ የኮንታክተሩን (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) ኮይል በቀጥታ በሽቦ ይቁረጥ። ዛሬውኑ ሞክሩት፣ ማንም ማሽኑ አጠገብ ሳይቆም።