በመርፌ ዕፅ መውሰድን ለዘለቄታው ማቆም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በሱስ ሕክምና ክፍል ውስጥ በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት «በመርፌ ዕፅ ስለሚወስዱ ሰዎች የከበዳችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። አብዛኛው ስለ ሄሮይንና ስለ መሰሎቹ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ጊዜ አቁሜ ስድስቴም ተመለስኩ። ቁርጠኝነት ስለሌለኝ ነው?

ወንድሜ፣ ስድስት ጊዜ ያቆመ ሰው ቁርጠኝነት የለውም አይባልም። ማቆምማ ችለሃል። ያስቸገረህ አቁሞ መቆየቱ ነው። እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

የሄሮይን ሐራራ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይከፋል። በሳምንት ገደማ ላቡም፣ ቁርጥማቱም፣ ተቅማጡም ጋብ ይላል። ያኔ ቤተሰቡም ሰውየውም «ተገላገልን» ይላሉ። እንቅልፍ ግን ገና አልተመለሰም። ደስ የሚል ነገርም ገና ደስ አይልም። አእምሮም ከዕፁ ጋር ያያያዘውን ነገር ሁሉ አልረሳም።

አንድ ታካሚያችን ካቆመ ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ሻይ ቀረበለት። ስኳሩን ሲያማስል ማንኪያውን አየና እጁ ቀጥ አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ዕፁን የሚያሟሟው በሻይ ማንኪያ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣ ነበር፤ ማንኪያ ላለመንካት። ይሄን ሰው ማን ደካማ ይለዋል?

ስለዚህ ዕፁን ከሰውነት አስወጥቶ ወደ ቤት መላክ ብቻውን ሕክምና አይባልም። መግቢያ በሩ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያው በሩ ላይ ስለምንተወው ነው።

ጥያቄ፦ ለሄሮይን ሱስ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ሜታዶን፣ አንዱን ሱስ በሌላ መቀየር አይደለም?

ይህን ከሃያ በላይ ሰው ጠይቆኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሄሮይን በመርፌ ሲገባ በሰከንዶች ውስጥ ያሰክራል፤ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ሐራራው ይመጣል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ቀጣዩን ከየት አገኛለሁ ብሎ ከማሰብ ሌላ ለምንም ጊዜ የለውም። ሜታዶን በአፍ ይወሰዳል፤ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ አንድ ቀን ሙሉ ይይዛል። መጠኑ በደንብ የተስተካከለለት ሰው አይሰክርም፣ ሐራራም አይነካውም። ሥራ ይገባል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሰውነቱ መድኃኒቱን ይፈልጋል፣ እውነት ነው። ሱስ የምንለው ግን ሕይወትን የሚበላውን ነው።

ይህን ሕክምና ዶክተር ቪንሰንት ዶልና ዶክተር ማሪ ናይስዋንደር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ጀመሩት። ዛሬ ከየትኛውም የሄሮይን ሱስ ሕክምና የበለጠ ማስረጃ ያለው ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንንና ለዚሁ ሱስ የሚሰጠውን ሌላ መድኃኒት፣ ቡፕረኖርፊንን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሕክምናው ላይ ያለ ሰው ካቋረጠው ሰው ይልቅ የመሞት ዕድሉ በብዙ ያነሰ ነው።

ቡፕረኖርፊን ደግሞ ጣሪያ አለው። ከተወሰነ መጠን በኋላ ቢጨምሩትም ውጤቱ ስለማይጨምር አተነፋፈስን የማፈን አደጋው አነስተኛ ነው። በምላስ ሥር የሚቀመጥም፣ በሳምንት ወይም በወር አንዴ የሚወጋም አለ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሐራራው በደንብ ሳይጀምር አይወሰድም። ከቸኮሉ ሐራራውን ራሱ ቀስቅሶ ያመጣዋል።

በሥራዬ በጣም የሚያናድደኝ መጠኑን ማሳነስ ነው። ሜታዶን ለብዙ ሰው በቀን ከ60 እስከ 120 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። ቀስ በቀስ እየጨመሩ እዚያ ማድረስ ሲገባ፣ በ30 ላይ አቁመውት «አልሠራለትም» ይላሉ። ማታ ማታ ሐራራ የሚቀሰቅስህ ከሆነ ዝም አትበል። ለሐኪምህ ንገረው። በራስህ ግን አትጨምር።

ጥያቄ፦ ታዲያ እስከ መቼ?

ቀን አይቆረጥለትም። ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ዕድሜ ልክ የሚወስዱም አሉ፤ ምንም ነውር የለበትም። መቀነስ ከፈለግሽ ኑሮሽ ሲረጋ፣ በወራት ውስጥ፣ ቀስ እያልሽ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ክፍል ውስጥ ቆልፌበት ባስቀምጠውስ? ሌላ ምን ላድርግ?

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን አይቆልፉበት። ሰው ዕፅ ሲያቆም ሰውነቱ የለመደውን መሸከም ይረሳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የድሮ መጠኑ ሊገድለው ይችላል። ከእስር የተፈቱ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በብዛት የሚሞቱት ለዚህ ነው። የቆለፉበት በር አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም።

ናሎክሶን የሚገኝ ከሆነ ቤት ውስጥ ይኑርዎት። ሄሮይንና መሰሎቹ በዝተውበት መተንፈስ ያቃተውን ሰው የሚያነቃ፣ በአፍንጫ የሚረጭ ወይም የሚወጋ መድኃኒት ነው። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ካሰማ፣ ሲጠሩት ካልሰማ፣ መድኃኒቱን ይስጡት፤ አምቡላንስ ይጥሩ፤ ትንፋሽ ይስጡት። ቢነቃም ብቻውን አይተዉት። ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ይሠራል፤ ዕፁ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ሌላው ንግግር ነው። ሰክሮ ሲመጣ አይቆጡት፤ ንግግርዎ አይገባውም። ደህና ሆኖ ባዩት ሰዓት አብረውት ይብሉ፣ ስለሌላ ነገር ያውሩ። «ስታከም ምን ይፈጠራል?» ብሎ የጠየቀ ቀን መልሱን አዘጋጅተው ይጠብቁት። የት፣ ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር። ያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይመላለስም።

ጥያቄ፦ የምወጋው ሄሮይን ሳይሆን ሜትአምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ነው። ለእኔስ?

ለዚህ እንደ ሜታዶን ያለ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ጥሩ ማስረጃ ያለው ሕክምና ግን አለ። ሽንትህ ከዕፅ ነፃ ሆኖ በተገኘ ቁጥር ወዲያው ትንሽ ሽልማት ይሰጥሃል፤ በተከታታይ ሲሆን ሽልማቱ ያድጋል። ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን ይሠራል። ከምክር አገልግሎት ጋር ሲሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ንጹሕ መርፌ ማደል «ቀጥሉ» ማለት አይሆንም?

አይሆንም። አምስተርዳም ውስጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ጥናቶች ተጠቃሚ ሲያበዛ አልታየም። ኤችአይቪን ይቀንሳል። ሲያትል ውስጥ በተደረገ ጥናት ደግሞ መርፌ ለመቀየር አዲስ የመጡ ሰዎች፣ ጨርሶ ካልመጡት ይልቅ ሕክምና የመጀመር ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። መርፌ ሊወስድ የመጣ ሰው ስሙን የሚጠራው ሰው ያገኛል። ከዚያ ወደ ሕክምናው አንድ እርምጃ ነው። በመርፌ የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ሲም ቢሆን፣ ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ይድናል፤ መመርመር ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ሁሉ ተጠቃሚ ናቸው። ሰፈር ልቀይር?

ከቻልክ ቀይር። ቬትናም የዘመቱ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች የሄሮይን ሱስ ይዟቸው ነበር። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ ከተመለሱ በኋላ ተከታተለቻቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ የተመለሰባቸው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ያጨሱት እንጂ የወጉት አልነበረም፤ ስለዚህ ከአንተ ጋር እኩል አላደርገውም። ግን ቦታና ሰው ሲቀየር ምን ያህል እንደሚያግዝ ያሳያል። መቀየር ካልቻልክ ከስልክህ ጀምር። የሻጩን ቁጥር አጥፋ። ዕፅ ከተዉ ሰዎች ማኅበር ሁለት ቁጥር አስገባ። ቀኑንም ሙላው፤ ሥራ ይሁን፣ ትምህርት ይሁን። ባዶ ከሰዓት አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ስምንት ወር ቆይቼ ትናንት ማታ ወሰድኩ። ሁሉም ነገር ተበላሸ።

እህቴ፣ ስምንቱ ወር የትም አልሄደም። ትናንት አንድ ማታ ነው። አደጋው «አንዴ ተበላሽቷል» ብለሽ ዛሬም መድገሙ ላይ ነው፤ ሰውነትሽ የድሮውን መጠን አይችልም። ዛሬ ማታ ብቻሽን አትደሪ። ከምታምኛቸው ሰዎች አንዱን አሁን ጥሪ። ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት ደርሰሽ በሩ ላይ ጠብቂ። ለነርሷ «ትናንት ወሰድኩ» በያት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግሽም። ይህን የሰማችው መጀመሪያ ካንቺ አይደለም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች።