ባለ 115 ቢቱን የካቻቢቴ ሳጥን ልግዛ ወይ? ላልከው ወንድም

ሰላም ወንድም። የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው፦ ባለ 115 ቢቱን (ቢት ማለት የሚቀያየረው የካቻቢቴ ጫፍ ነው) ሳጥን ገዝተህ የስልክና የዲሽ ሪሲቨር ጥገና ብትጀምር ያዋጣህ እንደሆነ፣ የሪሲቨር ፓወር ሰፕላይ ስትከፍት ደግሞ ኮረንቲ እንዳይዝህ ምን ማድረግ እንዳለብህ።

ሳጥኑን ተወው። ከ115ቱ ውስጥ በየቀኑ እጅህ የሚገቡት ስድስት ሰባት ናቸው፣ የቀረው ሳጥን ማሟያ ነው። የርካሹ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ጠንከር ያለች ብሎን ስታጋጥመው ጫፉ ይዞራል፤ ከዚያ ወዲያ የነካውን ብሎን ሁሉ እየላጠ ይሄዳል። ኤስ2 ከሚባለው ጠንካራ ብረት የተሠሩትን ለየብቻ ግዛ፦ ለአብዛኛው አንድሮይድ መስቀለኛ 000 እና 00፣ ለሪሲቨር ክዳን መስቀለኛ 1፣ ለአይፎን የታች ብሎኖች ባለ አምስት ጥርሱ ፔንታሎብ 0.8፣ ከአይፎን 7 ወዲህ ላሉት የውስጥ ብሎኖች ባለ ሦስት ጥርሱ 0.6።

ቢቱ ልክ መሆኑን ከመፍታትህ በፊት እወቅ። ብሎኗ ላይ አስገባውና ግራ ቀኝ ነካ አድርገው፤ ብሎኗ ሳትንቀሳቀስ ቢቱ ብቻውን የሚጫወት ከሆነ አንሷል፣ አንድ ቁጥር ጨምር። ልኩን ስታገኝ ቀጥ አድርገህ ከማዞር ይልቅ መጫኑ ላይ አተኩር። አልፈታ ካለች አትታገላት፤ የጋለ መበየጃ ጫፍ ራሷ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ አሳርፍ፣ ጥርሷ ላይ ያለው ማጣበቂያ ይለሰልሳል። የፈታሃቸውን በወረቀት ላይ የስልኩን ቅርጽ ስለህ በየቦታቸው ለጥፋቸው። አይፎን ላይ ረዘም ያለችውን ብሎን በአጭሯ ቦታ ካስገባህ የቦርዱን የውስጥ መስመር ትበሳለች፤ ስልኩ ደህና ገብቶ ሞቶ የሚወጣው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ለመክፈቻ ቢላዋም ጠፍጣፋ ካቻቢቴም አይሆንም። ቀጭን ፕላስቲክ ተጠቀም፣ ከ3 ሚሊሜትር በላይም አታስገባ። ከመክፈትህ በፊት ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች ይውረድ፤ የተወጋ ሊቲየም ባትሪ ባዶ በሆነ መጠን እሳቱ ይቀንሳል። ከተከፈተ በኋላ መጀመሪያ የሚነቀለው የባትሪው ማገናኛ ነው፣ እሱም በፕላስቲክ። ባትሪው እንደተሰካ በብረት ወረንጦ ቦርድ የሚነካ ሰው የቻርጅ አይሲውን (ቻርጁን የሚቆጣጠረውን ቺፕ) ሊያቃጥል ይችላል። የተጣበቀ ባትሪ ስታነሳ ጠርዙ ላይ 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠብ ጠብ አድርገህ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ። ቲነር ፕላስቲኩን ይበላል፣ ይቅርብህ። ያበጠ ባትሪ ካጋጠመህ አትጫነው፣ አትጠፈው፤ አሸዋ ያለበት የብረት ጣሳ አጠገብህ ይኑር።

ከሁሉ በላይ ገንዘብህን የሚፈልገው መበየጃው ነው። ሙቀቱ የሚስተካከል 60 ዋት ገደማ፣ ከመርፌ ጫፍ ይልቅ ጠፍጠፍ ያለ ጫፍ ያለው ይሁን፤ መርፌው ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። 60 በ40 የሆነው ሊድ፣ ማለትም 60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ ያለው የብየዳ ሽቦ፣ ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ፋብሪካው የሚጠቀምበት እርሳስ አልባው ግን 217 ገደማ ይፈልጋል። መበየጃውን 330 አካባቢ አድርገህ ሦስት ሴኮንድ ያህል ያዝ። ካልቀለጠ ብዙ ጀማሪ ወደ 450 ይጨምራል፤ የሚያገኘው ከቦርዱ የተነሳ መዳብ ብቻ ነው። ጥፋቱ ከሙቀቱ ሳይሆን ከጠቆረው ጫፍ ወይም ከፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲይዝ የሚያደርገው ቅባት) ማነስ ነው። ጫፉን በናስ መጥረጊያ ጥረግ፣ አዲስ ሊድ አልብሰው፣ ፍላክስ ጨምር።

ወደ ኮረንቲው ልምጣ። 220 ቮልት ሬክቲፋየሩን (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን) ካለፈ በኋላ ትልቁ ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅመው) ላይ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሶኬቱን ብትነቅልም። የሚገርመው የሞተው ፓወር ሰፕላይ ከሚሠራው የባሰ መያዙ ነው፦ የሚሠራው ሲነቀል ራሱ ያራግፈዋል፣ ስዊቺንግ አይሲው (ፓወር ሰፕላዩን የሚያሠራው ቺፕ) የቆመ ግን የሚጠጣለት ስለሌለ ቻርጁ ሳይወርድ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በካቻቢቴ ጫር አድርገህ ብታራግፈው ብልጭታው ብረቱን ይበላል፣ ዓይንህ ላይም ሊፈናጠር ይችላል። ሁለት ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ግዛ፤ በሁለቱ ጫፍ ሽፋኑ ያልተላጠ ሽቦ በይድበት፣ ጫፎቹን ብቻ ክፈት። ሶኬቱን ነቅለህ፣ አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርገህ፣ በሌላው ሁለቱን ሽቦ በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ አስነካ፣ አንዱ ሳይለቅ ሌላውን፤ አንዱን በክሊፕ አስይዘህ ብትሠራ ይቀላል። ለ100 ማይክሮፋራድ አንድ ሴኮንድ ይበቃል፣ አንተ ግን አምስት ቁጠር። ከዚያ በመልቲሜትር 1000 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገህ አረጋግጥ።

መልቲሜትሩ ራሱ ሌላ አደጋ አለው። እንደ ዲቲ-830 ባሉት ርካሾች 10 አምፔር የተጻፈበት ቀዳዳ ፊውዝ የለውም። ቀዩን ሽቦ እዚያ ትተህ 220 ብትለካ ቀጥታ ሾርት ነው፣ እጅህ ላይ ይፈነዳል። አምፔር ለክተህ ስትጨርስ ሽቦውን ወዲያው መልስ። ፒንሳም ስትገዛ ባለ ቀለም ፕላስቲኩ አያታልልህ፤ 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍና የሁለት ሦስት ማዕዘን ምልክት የሌለው ለእጅ ምቾት እንጂ ለኮረንቲ የተሠራ አይደለም።

ጠግነህ ስታበራው በመጀመሪያ በቀጥታ አትሰካው። 60 ዋት የድሮ አምፖል፣ ኤልኢዲ ያልሆነ፣ በሲሪስ አስገባ፣ ማለትም ኮረንቲው በአምፖሉ አልፎ ወደ ሪሲቨሩ ይግባ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቆየ ሾርት አለ፣ አምፖሉ ፊውዙን አትርፎልሃል። ስታቲክ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው የእጅ ማሰሪያ ያለህ ከሆነ ለስልክ ሥራ እንጂ ለዚህ አታድርገው፤ ከመሬት ጋር ስላገናኘህ ኮረንቲ መንገድ ያገኛል። በቴስተር ካቻቢቴም ካፓሲተሩ ባዶ መሆኑን ለማየት እንዳትሞክር፤ ካፓሲተሩ ከመሬት ጋር ስላልተያያዘ 310 ቮልት ተሸክሞም መብራቷ ላትበራ ትችላለች።