ቃሉን አውቀን ዓረፍተ ነገሩ ለምን ይሰበርብናል?
በውጭ አገር ለዓመታት የኖሩ፣ የሚሰሙትን እንግሊዝኛ የሚረዱ፣ ነገር ግን ለአሠሪያቸው ወይም ለልጃቸው መምህር አጭር ደብዳቤ ለመጻፍ ሲቀመጡ የሚቸገሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። እኔ እንደታዘብሁት ችግሩ በአብዛኛው የቃላት ማነስ ሳይሆን የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ሥርዓት መደርደር ነው፤ ስለዚህ አዳዲስ ቃላትን ከመሸምደዳችሁ በፊት የዓረፍተ ነገሩን አሠራር እንድታጠኑ አጥብቄ እመክራለሁ።

አማርኛ ባለቤቱንና ተሳቢውን አስቀድሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ እንግሊዝኛ ግን ግሱን ከባለቤቱ ቀጥሎ ያስገባና ተሳቢውን ያስከትላል። «ሰውየው ውሻውን አየ» የሚለው «ዘ ማን ሶው ዘ ዶግ» ይሆናል። በአማርኛ «ውሻውን ሰውየው አየ» ብንል እንኳ «ን» ተሳቢውን ስለምታመለክት ያየው ማን እንደሆነ አይጠፋንም። የእንግሊዝኛ ስሞች ግን እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌላቸው፣ አድራጊውን የሚያሳውቀን የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ሁለቱን ስሞች ብናቀያይራቸው ያየው ውሻው ይሆናል።

ባለቤቱንም መተው አይቻልም። «መጣ» ስንል ባለቤቱ በግሱ ውስጥ ስላለ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ «ኬም» ብቻ ቢባል ግን የመጣው እሱ ይሁን እሷ ወይም እነሱ አይታወቅም። ስለ ዝናብ ስንናገር እንኳ «ኢት ሬይንድ» ብለን በቦታው ባለቤት ማኖር አለብን። ያለ ባለቤት የሚቆመው በዋናነት ትእዛዝ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሰጥታችሁ እንድትለማመዱት የምፈልገው «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «መኪና አለኝ» የሚሉትን ዓይነት አነጋገሮች ነው። በእነዚህ ውስጥ «እኔ» የግሱ ባለቤት አይደለሁም፤ «ኝ» በምትለው ምልክት ነገሩ የደረሰብኝ ወይም የእኔ የሆነ ሰው ሆኜ እገለጻለሁ። እንግሊዝኛ ግን ያንኑ ሰው ባለቤት አድርጎ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ ሃቭ ኤ ካር» ይላል። «ራበኝ» ራሱ ግስ በመሆኑ ሌላ ግስ ስለማያስፈልገው ብዙዎቻችን «አይ ሀንግሪ» ብለን «አም»ን እንጥላለን፤ «ሀንግሪ» ግን ቅጽል እንጂ ግስ ስላልሆነ ዓረፍተ ነገሩ ያለ ግስ ይቀራል።

ስምን የሚያብራራ ሐረግ ሲመጣም ሥርዓቱ ይገለበጣል። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል ማብራሪያው ከስሙ ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት የስተርዴይ» ተብሎ ከስሙ በኋላ ይገባል። «የገዛሁት» በሚለው ውስጥ ያለችው «ት» መጽሐፉን ስለምታመለክት «ዛት አይ ቦት ኢት» እንድንል ትገፋፋናለች፤ ይህች «ኢት» መቅረት አለባት። እንዲሁም «ቢደክመኝም ግን ሠራሁ» ማለት የለመደ ሰው በእንግሊዝኛው «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «በት»ን ይደግማል፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል።

ጥያቄና አሉታ ባጭሩ የሚያዙ ናቸው፦ «ዲድ» ያለፈውን ጊዜ ስለሚሸከም ዋናው ግስ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ «ዲድ ዩ ሲ ሂም» እንጂ «ዲድ ዩ ሶው ሂም» አይባልም።

ደብዳቤ ጽፋችሁ ከመላካችሁ በፊት በየዓረፍተ ነገሩ ግሱን አስምሩበትና ባለቤቱ ከፊቱ መጻፉን አረጋግጡ። «ተነሥቼ፣ ለብሼ፣ በልቼ ወጣሁ» እያልን ግስ መደርደር ስለለመድን በነጠላ ሰረዝ ብቻ የተያያዙ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ልታገኙ ትችላላችሁ፤ እንደ «ኤንድ» (እና) ወይም «ቢኮዝ» (ምክንያቱም) ያለ አያያዥ አስገቡ፤ አለዚያም በመካከላቸው ነጥብ አድርጋችሁ ሁለተኛውን በራሱ ባለቤት ጀምሩት።