የላብራቶሪ ጥያቄዎች፦ ተራዬ ደርሶ ማሽኑ ተደፈነብኝ

ጥያቄ፦ ሀዋሳ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በፈሳሽ ናይትሮጂን የቆዩ ነጭ የደም ሴሎችን አሟሙቼና የሚያበራ ቀለም ባለው አንቲቦዲ (ሴሉን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) ቀብቼ፣ በጋራ ወደምንጠቀምበት ፍሎ ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር እያየ የሚቆጥር ማሽን) በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። የተሰጠኝ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ሦስተኛው ቱቦ ላይ ማሽኑ ተደፈነና ጊዜዬ በእጥበት አለቀ። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የማሽኑ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ሴሎቹ ሲሟሙ ነው። የሞተ ሴል ዲኤንኤውን ይተፋል፤ እሱ ደግሞ ደኅናውን ሴል ጭምር ያጣብቃል። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ዘንበል ያድርጉት። እንደ ተልባ ልጋግ የሚሳብ ክር ካዩ፣ ያ ቱቦ ማሽኑ ላይ መውጣት የለበትም።

ቫያሉን (ሴሎቹ የቀዘቀዙበትን ትንሽ ቱቦ) 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እየወዘወዙ ያሟሙ፤ ትንሽ በረዶ ሲቀረው ያውጡት። 10 በመቶ ሴረም ያለበትን ሞቅ ያለ ሚዲየም (የሴል ማቆያ ፈሳሽ) መጀመሪያ 1 ሚሊ ሊትር ጠብታ በጠብታ ይጨምሩ፣ ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ይሙሉት። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ሴሉ ውስጥ ዲኤምኤስኦ (ሲቀዘቅዝ በረዶ እንዳይጎዳው የተጨመረው ኬሚካል) እያለ ሚዲየሙ በአንዴ ቢፈስበት ውሃ ይገባበትና አብጦ ይፈነዳል። በ300 ጂ (የመሬት ስበት 300 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ያሽከርክሩ። ከተጓጎለ ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ጨምረው 15 ደቂቃ ያቆዩት። ዲኤንኤዝ ያለ ማግኒዚየም አይሠራም፤ ኢዲቲኤ የተባለው ኬሚካል ደግሞ ማግኒዚየሙን ይነጥቀዋል። ስለዚህ 2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ያለበት ባፈር (የሴል ማጠቢያ የጨው ፈሳሽ) የሚገባው ዲኤንኤዙ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ነው።

በ40 ማይክሮን ወንፊት የሚያጠልሉት ማሽኑ አጠገብ ደርሰው ነው እንጂ ከላብራቶሪዎ ሲነሡ አይደለም። ባጃጁ ውስጥ ሴሎቹ ይዘቅጡና እንደገና ይያያዛሉ። ቱቦዎቹን በፎይል ጠቅልለው፣ በረዶው ሳይነካቸው በቀዝቃዛ ሳጥን ይያዙ። በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ሴል ይበቃል።

እያስነበቡም ዓይንዎ ከጊዜ ግራፉ አይነቀል። በሴኮንድ የሚቆጠረው ሴል ድንገት ሲያሽቆለቁል መደፈን ጀምሯል ማለት ነው። ፍጥነት ጨምረው አያስገድዱት፤ ቱቦውን አውርደው በበረኪና ውህድ፣ ቀጥሎም በንጹህ ውሃ ያጥቡት።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ካቆምኩበት ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ። ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) የሚሰጥዎ በሥርዓት መዝጊያ ጊዜ ነው። መብራቱ ሲመለስ ሌዘሩን 30 ደቂቃ ያሙቁ፣ መፈተሻ ቢዶቹን (የማሽኑ ልኬት የሚፈተሽባቸውን ጥቃቅን እንክብሎች) እንደገና ያስነብቡ። ውጤታቸው ከጠዋቱ ከተለየ ከመብራቱ በፊትና በኋላ ያሉ ቱቦዎች አይወዳደሩም። እስከዚያ የተቀቡትን ቱቦዎች 4 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ ያቆዩ። በተለይ ፒኢ-ሳይ7 የተባለው ጥምር ቀለም ብርሃን ሲያገኘው ይፈርስና ፒኢ በሚባለው በሌላው ቀለም ቻናል በኩል ያበራል፤ የሌለውን ሴል አለ ያሰኛል።

ጥያቄ፦ የቀኑ የመጨረሻ ተረኛ ስሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በዕለቱ አቅጥነው 5 ደቂቃ ያሳልፉ፤ ከዚያ ቢያንስ 5 ደቂቃ ንጹህ ውሃ። ውሃው ካጠረ የቀረው በረኪና የነገውን ተረኛ ሴሎች ይገድላል፣ ቀለማቸውንም ያጠፋል። መጨረሻ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ያለው ቱቦ መምጠጫው ላይ ይተዉለት፤ ጫፉ ከደረቀ የባፈሩ ጨው ይረጋበታል።