ጥቅምት 21 ማታ በሩን ልክፈት ወይስ ልዝጋ?

ጥያቄ፦ ሰላም የመጽሔቱ አዘጋጆች እንደምን ናችሁ። የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ፣ 63 ዓመቴ ነው። ልጄ አሜሪካ ፔንስልቬንያ ገጠር ውስጥ ትኖራለች፣ አሁን በቅርቡ ወለደችና ላርሳት ልሄድ ነው። ታዲያ ሰሞኑን ደውላ ምን አለችኝ፣ እማ ሃሎዊን ማታ፣ ልጆች የተለያየ ነገር ለብሰው በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ የሚጠይቁበት በዓል ነው፣ እኔ ከሕፃኑ ጋ ፎቅ ላይ ስለምሆን ልጆች በር ሲያንኳኩ አንቺ ከረሜላ ትሰጪልኛለሽ አለችኝ። ፎቶ ስትልክልኝ አፅም የለበሰ ልጅ፣ ጥርስ የወጣለት ዱባ፣ ምኑ ቅጡ። ቀኑ ደሞ ጥቅምት 21 ማርያም ነው። እንግሊዝኛም አልችል። በማርያም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል ወይ? ብዘጋባቸውስ ልጄን አሳፍራታለሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ እናቴ በቅድሚያ እንኳን ማርያም ማረችልዎ። እኔ የምለው በሩን ይክፈቱላቸው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ወንድሜ ጋ ሄጄ እዛው ፔንስልቬንያ ገጠር ውስጥ ይችን ማታ አሳልፌያታለሁ፣ እኔም እንደርስዎ ፈርቼ ነበር። ውጪው ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ጎረቤት የሚባለው በመኪና ነው የሚደረስበት፣ ቅጠሉ ረግፎ ግቢውን ሞልቶታል፣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው የቅጠሉ ኮሽታ ነው። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል መኪና መጥቶ ቆመና አምስት ዓመት ቢሆናት ነው አንዲት ልጅ ወረደች፣ የቢራቢሮ ክንፍ አድርጋለች ግን ብርድ ስለሆነ ክንፉ የታሰረው ወፍራም ጃኬት ላይ ነው፣ አንደኛው ወደ ታች ተንጋዷል። አባትየው መኪናው ጋ ቆሞ ይጠብቃታል። ሳህኑን ዝቅ ሳደርግላት አንድ ቸኮሌት ብቻ አነሳችና ወደ መኪናው እየጠቆመች ለወንድሜስ? አለችኝ። እኔ ያኔ ፊቴ የመጣው ቡሄ ነው በቃ፣ የሰፈራችን ልጆች በዱላ መሬቱን እየደበደቡ ሆያ ሆዬ ብለው ብለው ሙልሙሉን ከተቀበሉ በኋላ ለዚህ ትንሹም ጨምሪለት ሲሉ። እርስዎ አራት ኪሎ ሆነው ስንት ዓመት ነሐሴ 12 ማታ በር ከፍተዋል እናቴ፣ ይሄ ለርስዎ አዲስ ሥራ አይደለም።

የእምነቱን ነገር በተመለከተ፣ ስሙ ራሱ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው፣ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ ቀን ብለው ያከብራሉ፣ ሃሎዊን ማለት የዚያ ዋዜማ ነው። መናፍስት ምናምን የሚባለው ከዚያ በፊት አየርላንድና ስኮትላንድ አካባቢ ከነበረ የመኸር ማብቂያ በዓል የተቀላቀለ ነው፣ ዱባውም ድሮ አየርላንድ ውስጥ እንደ ቀይ ሥር ያለ ሥራሥር እየፈለፈሉ መብራት ያደርጉበት ነበር፣ ስደተኞቹ አሜሪካ ሲገቡ ዱባ አገኙና በሱ ቀጠሉ። አፅሙን አልወድም ካሉ አይውደዱት፣ እኔም አልወደውም፣ ልጅዎን አፅምና ሸረሪት ደጃፍ ላይ አትስቀይብኝ ቢሏት ትረዳዎታለች። ግን የሚመጣልዎት ልጅ ነው፣ ልጅን ከደጅ ባዶ እጁን መመለስ እኛ አናውቅበትም። ማርያምን ጠዋት ያስባሉ፣ ማታ ለልጅ ይሰጣሉ፣ ምን ይጋጫል? ኅሊናዬ እምቢ አለኝ ካሉ ደሞ የበረንዳውን መብራት ያጥፉት፣ መብራቱ ከጠፋ እዚህ ቤት አይሰጥም ማለት ነው፣ አልፈው ይሄዳሉ፣ ማንም አይቀየምም፣ ልጅዎም አታፍርም። ደሞ ፔንስልቬንያ ውስጥ ብዙ ከተሞች ልጆቹ የሚዞሩበትን ቀንና ሰዓት ራሳቸው ነው የሚወስኑት፣ ከማርያም ቀን ላይገጥምም ይችላል፣ ልጅዎን ይጠይቋት።

አሁን ዋናው ነገር፣ እባክዎን ዳቦ እንዳይጋግሩላቸው። ያምርዎታል አውቃለሁ፣ እኔም ዳቦ ቆሎ ሠርቼ በላስቲክ ልቋጥር ስል ነው ወንድሜ ያስቆመኝ። እዛ ወላጅ ቤት ሲደርስ የልጁን ከረጢት ይፈትሻል፣ ፋብሪካ ያላሸገው ነገር ከሆነ ይጥለዋል፣ ልብዎ ይሰበራል። የታሸገ ትንንሽ ቸኮሌት ይገዛልዎ፣ ኦቾሎኒ ያለበትን ለብቻ ያድርጉት ምክንያቱም ኦቾሎኒ ሆስፒታል የሚያስገባቸው ልጆች አሉ። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ዱባ ደጃፍ ላይ ካዩ እዚህ ቤት ከምግብ ሌላም እንሰጣለን ማለት ነው፣ እርሳስ፣ ስቲከር፣ እንደዚህ ያለ። ገጠር ስለሆነ ብዙ ልጅ አይጠብቁ፣ ወንድሜ ጋ በጠቅላላው የመጡት ዘጠኝ ነበሩ፣ ስለዚ ከሩቅ ነውና የመጡት ሁለት ሦስት ይስጧቸው።

ዱባውን በተመለከተ፣ ለመፈልፈል የሚሸጠው ትልቁ ውሃ ውሃ ይላል፣ ለዱባ ወጥ አይሆንም፣ ለወጥ ትንንሾቹን ይምረጡ። የትልቁን ፍሬ ግን አጥበው አድርቀው ቢቆሉት ለአራሷም ለእርስዎም ጥሩ ነው።

ብርዱን አይናቁት። የኛ ጥቅምት ጠዋትና ማታ ነው የሚበርደው፣ ቀን ፀሐይ አለ፣ እዛ ቀኑን ሙሉ ነው። ጋቢ ይዘው ይሂዱ። ደወሉ ሕፃኑን ይቀሰቅሰዋልና ጋቢዎን ደርበው በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ሳህኑን ጭንዎ ላይ አድርገው ይጠብቋቸው። የሚሉት ትሪክ ኦር ትሪት ነው፣ ከረሜላ ስጡን እንደማለት ነው፣ ሌላ እንግሊዝኛ አያስፈልግዎትም። ሲወስዱ እደጉ ተመንደጉ ይበሏቸው፣ በአማርኛ ይበሏቸው።