በሊዝ መኪና ላይ የፓርኪንግ ክፍያ ሲመጣባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በሊዝ ወይም በኪራይ መኪና የምትነዱ ወገኖቼ፣ በተለይ ለንደን ላይ የፒሲኦ (የግል ታክሲ ፈቃድ ያለው) መኪና ተከራይታችሁ ታክሲ የምትሠሩ እህት ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከሱፐርማርኬት ወይም ከሆቴል ግቢ የ100 ፓውንድ ደብዳቤ ይመጣል። በ14 ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ 60 ፓውንድ ይበቃል ይላል። ብዙዎቻችን ያቺን 60 እናያለን፣ እንደነግጣለን፣ እዚያው ስልካችን ላይ እንከፍላለን። ሌሊቱን ሙሉ የተሠራበት ገንዘብ እንዲህ ሲሄድ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መኪናው የሊዝ ሲሆን ሕጉ ለእናንተ የሚያደላበት ቦታ አለ።

በመጀመሪያ ደብዳቤውን ማን እንደላከው እዩ። ካውንስል ወይም ፖሊስ ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው፣ እዚህ የምለው አይሠራም። የካውንስሉም የግል ኩባንያውም ማስታወቂያ ፒሲኤን ስለሚባል ፊደሉ አያታላችሁ፤ የላኪውን ስም አንብቡ። የግል ኩባንያ ከሆነ ጥያቄው «ግቢያችን ውስጥ የለጠፍነውን ውል አፍርሳችኋል» የሚል የገንዘብ ጥያቄ ነው። ወንጀል አይደለም፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስይዝም። ይሁንና «የግል ነው፣ ቅደዱና ጣሉት» የሚሏችሁን አትስሙ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በፓርኪንግአይና በቢቪስ ጉዳይ የ85 ፓውንዱን ክፍያ ሕጋዊ ነው ብሎ አጽንቶታል። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለት አያዋጣም።

አሁን ወደ ሊዙ እንምጣ። የሊዝ መኪና በመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ በዲቪኤልኤ መዝገብ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በኩባንያው ስም ስለሆነ የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚሄደው ለእሱ ነው። ኩባንያው ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ነገር ጉዳያችሁን ይወስናል። ስማችሁን ለፓርኪንግ ኩባንያው ካስተላለፈ መከራከር ትችላላችሁ። ራሱ ከፍሎ ከእናንተ ሂሳብ ከቆረጠ ግን ከፓርኪንግ ኩባንያው ጋር የምትከራከሩበት ነገር አይቀርም። አንድ የማውቀው ወንድም ጉዳዩን የሰማው ከባንኩ ላይ ክፍያው ከነአስተዳደር ወጪው ከተቆረጠ በኋላ ነበር፤ ሲደውል የተሰጠው መልስ «ውሉ ላይ ፈርመሃል» የሚል ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ውላችሁን አውጡና ስለ ፓርኪንግ የሚለውን ክፍል አንብቡ። ከዚያም ለኩባንያው በኢሜይል «የግል ፓርኪንግ ጥያቄ ሲመጣ አትክፈሉ፣ ስሜን አስተላልፉ፣ የደረሳችሁንም ደብዳቤ ቅጂ ላኩልኝ» ብላችሁ ጻፉ። ስም ለማስተላለፍ የሚያስከፍሉት የአስተዳደር ወጪ ውሉ ላይ ካለ ብታሸንፉም ላይመለስ ይችላል፤ ይህ የማልወደው ግን ያለ ነገር ነው።

ስማችሁ ከተላለፈ በኋላ የሚሠራው በ2012 የወጣው የነፃነቶች ጥበቃ ሕግ አባሪ 4፣ አንቀጽ 13 እና 14 ነው። የፓርኪንግ ኩባንያው ሾፌሩ ማን እንደሆነ ካላወቀ ተከራዩን ማስከፈል የሚችለው በሕጉ የተዘረዘረውን ሁሉ ካሟላ ብቻ ነው። የሊዝ ኩባንያው ወረቀቶቹን በሰጠው በ21 ቀን ውስጥ በእናንተ ስም ማስታወቂያ ማድረስ አለበት። ከማስታወቂያው ጋር ደግሞ አራት ቅጂዎችን አያይዞ ይልካል፦ መጀመሪያ ለሊዝ ኩባንያው የተላከውን ማስታወቂያ፣ መኪናው በዚያ ሰዓት ለእናንተ ተከራይቶ እንደነበር ኩባንያው ፈርሞ የሰጠውን ቃል፣ የኪራይ ውሉን፣ እና በኪራዩ ዘመን ለሚመጣ የፓርኪንግ ክፍያ ኃላፊ ነኝ ብላችሁ የፈረማችሁበትን ወረቀት።

ፖስታውን ስትከፍቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከፊቱ የመኪናው ፎቶና የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ ከጀርባው የአከፋፈል መመሪያ። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ ተከራዩን በተከራይነቱ ማስከፈል አይችሉም። የቀራቸው ሾፌሩን መጠየቅ ነው፣ ሾፌሩን ደግሞ አያውቁትም። ፖስታውንም አትጣሉት፤ የተላከውን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ የደረሰበትን ቀን ጻፉበት።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። «ልጄን ላደርስ ነው የቆምኩት፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የዘገየሁት» ብሎ ከልቡ ያስረዳል። በዚያች «ቆምኩ» በምትል ቃል ሾፌሩ ራሱ መሆኑን ነገራቸው፣ ወረቀት የመቁጠሩ ክርክርም አበቃ። ለግል ኩባንያ ማን እንደነዳ የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ፖሊስ ሲጠይቅ ግን ግዴታ ነው፣ ሁለቱን እንዳታምታቱ። መዋሸትም አያስፈልግም፣ በፍጹም አትዋሹ። «እኔ የመኪናው ተከራይ ነኝ፤ በአባሪ 4 አንቀጽ 14 የተጠየቁትን ቅጂዎች አላያያዛችሁም፤ ስለዚህ ተከራዩ ኃላፊነት የለበትም» ብላችሁ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ስለሾፌሩ መናገር ካለባችሁ «ሾፌሩ» በሉ እንጂ «እኔ» አትበሉ። በስልክ አትነጋገሩ፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። የራሳችሁ ስም ያለበት ማስታወቂያ ሳይደርሳችሁም ቸኩላችሁ አትጻፉ።

ኩባንያው ካልተቀበላችሁ የሚመራችሁ ይግባኝ ወደሚሰሙት ወደ ፖፕላ ወይም ወደ አይኤኤስ ነው፤ ኩባንያው በየትኛው የፓርኪንግ ኩባንያዎች ማኅበር ሥር እንዳለ ይለያያል። በጊዜው ለቀረበ ይግባኝ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። በፖፕላ ካሸነፋችሁ ኩባንያው ይገደዳል፣ ከተሸነፋችሁ እናንተን አያስገድድም። ያንኑ ነጥብ ደግማችሁ አቅርቡ፣ የተላከላችሁን ወረቀት ፎቶም አያይዙ።

አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። አባሪ 4 ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድን አይመለከትም። የራሳቸው ደንብ ያላቸው ብዙ የኤርፖርትና የባቡር ጣቢያ ግቢዎችም ከዚህ ውጭ ናቸው። መኪናውን በፒሲፒ ወይም በሃየር ፐርቼዝ (በየወሩ እየከፈሉ በመጨረሻ የራስ ማድረግ በሚቻልባቸው ውሎች) ወስዳችሁ ሎግቡኩ፣ ማለትም የምዝገባ ወረቀቱ፣ በስማችሁ ከሆነም አንቀጽ 14 አይረዳችሁም፤ የምትጠየቁት መኪናው በስሙ እንደተመዘገበ ያዥ ነው።

ቀጥሎ የዕዳ ሰብሳቢዎች ደብዳቤ ሊጎርፍ ይችላል፣ እስከ 70 ፓውንድ ጨምረው። እነዚህ ቤት መጥተው ዕቃ የመውሰድ ሥልጣን የላቸውም። የፍርድ ቤት የክስ ወረቀት ሲመጣ ግን ቀልድ የለም። በ14 ቀን ውስጥ መድረሱን አሳውቁ፣ ያን ጊዜ መከላከያችሁን ለማስገባት እስከ 28 ቀን ታገኛላችሁ። መልስ ካልሰጣችሁ በሌላችሁበት ይፈረድባችኋል፤ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ ደግሞ ፍርዱ 6 ዓመት በክሬዲት መዝገባችሁ ላይ ይቆያል። ቤት ለመከራየትም ሆነ ሌላ መኪና በሊዝ ለመውሰድ ስትሄዱ ይታያችኋል።

ቤት የምትቀይሩ ከሆነ አዲሱን አድራሻ ለሊዝ ኩባንያው ወዲያው ንገሩ፣ ክርክር የጀመራችሁበት የፓርኪንግ ኩባንያ ካለም ለእሱ በኢሜይል ላኩ። ለድሮ አድራሻ የተላከ የክስ ወረቀት ማንም ሳያነበው ይፈረድበታል፣ ያን ፍርድ ለማስነሳት ደግሞ ማመልከቻውም ክፍያውም የእናንተ ነው።